541 ጊዜ የወጣው ሰው

የምስክርነት ቃል መቀበያ

ጉዳዩ፦ ከሆስፒታል ጠፍቷል የተባለ ተኝቶ ታካሚ
ቃል ሰጪ፦ የሆስፒታሉ የመዝገብና ስታትስቲክስ ክፍል ሠራተኛ፤ በመሥሪያ ቤቷ «እትዬ እርሳስ» በመባል የምትታወቅ
ዕድሜ፦ 59
የቤተሰብ ሁኔታ፦ ባሏ የሞተባት፣ የሁለት ልጆች እናት
አድራሻ፦ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥሎ፣ አረንጓዴ በር ያለው ቤት
ቀንና ሰዓት፦ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በ11ኛው ቀን፣ ከቀኑ 8፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ የጣቢያው ተረኛ መርማሪ

ስለማውቀው ነገር ብቻ፣ ሳልጨምርና ሳልቀንስ እንድናገር፣ ሐሰት ብናገር በሕግ እንደምጠየቅ መርማሪው አስረድተውኛል። መደመርና መቀነስ ላለፉት ሃያ ዘጠኝ ዓመታት የምተዳደርበት ሥራ መሆኑን፣ በዚህ ቃል ውስጥ ግን ሁለቱንም እንደማላደርግ ገልጬላቸዋለሁ።

ጠፋ የተባለውን ሰው አውቀዋለሁ። ዕድሜው 39 ነው። ኦቲዝምና የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። በተኛበት ዋርድ ውስጥ ከጽዳት ሠራተኛዋ እስከ ሐኪሙ ሁሉም «ሐሙሴ» ይለዋል። ሐሙሴ አልጠፋም። በዚህ ሰዓት በታላቅ እህቱ ቤት ይገኛል። የሄደውም ተሰርቆ ወይም አምልጦ ሳይሆን በኮሚቴ ውሳኔ ነው። የውሳኔው ወረቀት ይኸው ጠረጴዛው ላይ አለ፤ አምስት ፊርማ አለበት፤ ማህተም ግን የለበትም። ማህተም ያጣው በእኔ ጥፋት ነው። የጣቢያው አዛዥ እስከ 10፡00 ሰዓት ማህተም ያለው ወረቀት ካልቀረበ መኪና ሄዶ ሰውየውን ወደ ሆስፒታል እንዲመልሰው፣ እህቱም ለጥያቄ እንድትቀርብ ማዘዛቸውን ሰምቻለሁ። መኪናው በመስኮቱ ይታየኛል። ቃሌን የምሰጠው መኪናው እንዳይሄድ ነው። ሐሙሴ ዛሬ ከተመለሰ እንደ አዲስ ገቢ ተመዝግቦ ከአንድ ይጀምራል፤ እሱን ከአንድ ሲጀምር የማየት አቅም ደግሞ ከእንግዲህ የለኝም።

ሥራዬ እንደሚከተለው ነው። በየሳምንቱ ዓርብ ከዋርዱ አንድ ወረቀት ይደርሰኛል። በወረቀቱ ላይ የሰው ስም የለም፤ የአልጋ ቁጥር፣ ገባ፣ ወጣ የሚሉ ሦስት ዓምዶች ብቻ አሉት። ከዚያ ላይ የአእምሮ እድገት ውስንነትና ኦቲዝም ያለባቸው ስንት ሰዎች እንደገቡ፣ ስንት እንደወጡ፣ አንዱ ሰው በአማካይ ስንት ቀን እንደቆየ አውጥቼ በየወሩ መጨረሻ በሠንጠረዥ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት እልካለሁ። ዋርዱ አሥራ አራት አልጋ አለው። ሠንጠረዡን መጀመሪያ የምሠራው በእርሳስ ነው፤ ኮምፒውተር ላይ የሚሰፍረው እርሳሱ ሦስት ጊዜ ከተጣራ በኋላ ነው። ቅጽል ስሜም የመጣው ከዚህ ነው። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ ያስፈልጋል ወይ ብለው ጠይቀውኝ ያስፈልጋል ብያቸዋለሁ።

ደንቡ አንድ ሰው በዋርዱ ከዘጠና ቀን በላይ ከቆየ ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቅረብ ይላል። ኮሚቴው ሦስት ሐኪሞች፣ አንድ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያና አንድ የቤተሰቦች ተወካይ ያሉበት ሲሆን ተሰብስቦ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሰው ቤቱ እንዳይኖር የሚያደርገው ምንድነው? ዘጠና ቀን ያለፋቸውን ለይቶ ለኮሚቴው የሚነግረው የእኔ ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ካልተናገረ የሚጠይቅ የለም።

በዚህ ሠንጠረዥ ላይ አልጋ ቁጥር ዘጠኝ ዝነኛ ነበረች። የተኛባት ሁሉ በሳምንቱ ይወጣል፤ አንዱ በወጣበት ቀን ሌላው ይገባባታል። «አልጋ ዘጠኝ እጇ ፈዋሽ ነው» እያልኩ እቀልድ ነበር። ቀልዱ ከእኔ ክፍል ዋርድ ደረሰ፣ ከዋርድ ዋናው በር ደረሰ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው መጥተው «እባክህ ወንድሜ፣ ዘጠኝ ላይ አስተኙልኝ» ብለው ዘበኛውን መለመናቸውን ዘበኛው ራሱ ነግሮኛል። ሆስፒታሉም ከሌሎች ሁሉ ይልቅ ብዙ ሰው ወደ ቤቱ መልሷል ተብሎ የምስጋና ወረቀት ተሰጠው፤ ወረቀቱ መስታወት ተደርጎለት ዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰቀለ። የተሰጠ ዕለት አጨብጭቤያለሁ። የተቀመጥኩትም ፊት ወንበር ላይ ነበር።

ከሦስት ወር በፊት፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ገደማ፣ አንዲት ሴት ወደ መዝገብ ክፍሉ መስኮት መጣች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው ከሥራ ተነሥታ የመጣችው። ወንድሟ በዋርዱ የቆየበትን ጊዜ የሚገልጽ ወረቀት ፈለገች። በሰፈሯ እንደ ወንድሟ ላሉ ሰዎች የቀን መዋያ ሊከፈት ነው፤ ሆስፒታል ረጅም ጊዜ ለቆዩት ቅድሚያ ይሰጣል ተብላለች። የአልጋውን ቁጥር ጠየቅኳት። ዘጠኝ አለችኝ። አየሁና «አምስት ቀኑ ነው፤ ባለፈው ሐሙስ ነው የገባው» አልኳት።

ሴትዮዋ አልጮኸችም። «እትዬ፣ እስኪ ደግመው ይዩልኝ» አለች። ደግሜ አየሁ፤ አምስት ነው። ከዚያ የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር ከቦርሳዋ አውጥታ በመስኮቱ አሾለከችልኝ። በየዓመቱ አንድ ሱሪ ትሰፋለታለች፤ ለዚያም በየዓመቱ ዋርድ ድረስ መጥታ ወገቡን ትለካለች። አሥራ አንድ መስመር ተጽፏል። የመጀመሪያው ሰባ ሁለት፣ የመጨረሻው ዘጠና አንድ።

«ሰው በአምስት ቀን ወገቡ አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ይጨምራል እንዴ እትዬ? ከሁለት አንዱ ይዋሻል። ወይ የኔ ሜትር፣ ወይ የእርስዎ እርሳስ።»

በሥራ ዘመኔ እርሳሴን የተናገረው ሰው እሷ የመጀመሪያዋ ናት። መጀመሪያ ደሜ ፈላ። ቀጥሎ ሜትሯን አየሁት፤ ጫፉ ብረት የሆነ፣ ቁጥሩ ያልደበዘዘ ደህና ሜትር ነው። የክፍሉን በር ከፍቼ አስገባኋትና ወንበር ሰጠኋት።

ያን ዕለት የነገረችኝ ይህ ነው። እናታቸው ካረፈች በኋላ ወንድሟን የያዘችው እሷ ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት እሷ ራሷ ለቀዶ ሕክምና ስትተኛ የሚይዝላት ሰው አጥታ ለሁለት ሳምንት ብላ ለዋርዱ ሰጠችው። ድና ልትወስደው ስትመጣ ተረኛው ሐኪም ከእኔ ክፍል የተላከ ወረቀት አይቶ «ገና ስድስት ቀኑ ነው፤ ትንሽ እንከታተለው» አላት። ሐኪሞቹ በየሦስት ወሩ ይቀያየራሉ። የመጣው ሁሉ ወረቀት ያያል፤ ወረቀቱ ሁልጊዜ ገና ነው ይላል። ነርሶቹ እውነቱን ያውቁታል፤ መወሰን ግን የእነሱ አይደለም፤ የሐኪሙ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ የሚያምነው ወረቀቱን ነው። እሷም አንዳንዴ ታለቅሳለች፣ አንዳንዴ ትሳደባለች፣ አንዳንዴ «እንግዲህ ምን ይደረግ» ብላ የሰፋችውን ሱሪ ሰጥታው ትመለሳለች።

ከማግስቱ ጀምሮ በምሳ ሰዓቴ የዋርዱ የድሮ መዝገቦች ወደሚቀመጡበት ክፍል እወርድ ጀመር። ለአሥራ ሁለት ቀን ካርቶን ላይ ተቀምጬ ነው ምሳዬን የበላሁት። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነገሩ ተገለጠልኝ። ሐሙሴ በየሳምንቱ ሐሙስ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ከአንዲት ነርስ ጋር ወደ ሆስፒታሉ አትክልት ቦታ ይሄዳል። አትክልተኛው የውሃ ጎማውን ይሰጠዋል፤ ያጠጣል። 5፡30 ሲሆን ጎማውን ጠቅልሎ ይመለሳል። ከሌላው ቀን ይልቅ ሐሙስን ስለሚወድ ነው ሐሙሴ የተባለው። ነርሷ ሰው እንዳይጠፋባት ብላ ሲሄድ «ወጣ»፣ ሲመለስ «ገባ» ብላ በመዝገቡ ላይ ትጽፋለች። ከእሷ በኋላ የመጡትም እንዲሁ አደረጉ። ተሰናብቶ ቤቱ የሄደ ሰውም በእኛ ሆስፒታል «ወጣ» ነው የሚባለው። ለእኔ የሚላከውን ወረቀት የሚገለብጠው ጸሐፊ አልለየውም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አትክልት ሊያጠጣ የወጣው ሰው በእኔ እርሳስ ተሰናብቶ ቤቱ ሄደ፤ በ5፡30 የተመለሰው ደግሞ አዲስ ሰው ሆነ።

541 ጊዜ ወጥቷል፤ 541 ጊዜ ገብቷል። የጎደሉት ሐሙሶች ዝናብ የጣለባቸው ወይም አትክልተኛው የቀረባቸው ናቸው። በሠንጠረዡ ላይ ዘጠና ቀን ሞልቶት አያውቅም። ከሁሉ የረዘመው ቆይታው ሃያ አንድ ቀን ነው፤ እሱም ክረምቱ በበረታበት ዓመት ነው።

መርማሪው ጥፋቱ የማን ነው ብለው ጠየቁኝ። የእኔ ነው። ነርሷ የጻፈችው እውነት ነው፤ ሰውየው ወጥቷል። ከአንድ አልጋ በየሳምንቱ ሰው ድኖ እንዴት ይወጣል ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ እኔ ግን ቀለድኩበት። መርማሪው ይህንን ልጻፈው ወይስ ይቅር ብለው ቀና ብለው አዩኝ። «ጻፈው ልጄ፤ እንዲያውም አስምርበት» አልኳቸው። ያን ዕለት እዚያው ካርቶኑ ላይ እንደተቀመጥኩ አልቅሻለሁ። ከዚያ ፊቴን ጠርጌ እርሳሴን ቀረጽኩ።

የአሥራ አንዱን ዓመት ሠንጠረዥ እንደገና ሠርቼ ዳይሬክተሩ ቢሮ ይዤ ገባሁ። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ አውልቀው ሁለት ጊዜ አደረጉት።

«እነዚህ ሁሉ ሰዎች አንድ ሰው ናቸው?» አሉኝ።

«አንድ ሰው ናቸው።»

ግድግዳውን አዩ። «ታዲያ ያ ሁሉ ምስጋና…»

«የአትክልቱ ጎማ ነው» አልኳቸው።

ይቆጡኛል፣ ከሥራም ያግዱኛል ብዬ ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር እንደቀረኝ እያሰብኩ ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸው ወንበር ላይ ወጥተው መስታወቱን አወረዱት። የተሰቀለበት ቦታ ከሌላው ግድግዳ ነጣ ብሎ እስካሁን ይታያል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ሦስት ሰዎች በዚሁ ቃል ተደብቀው ተገኝተዋል፤ የእነሱ ጉዳይ በሚቀጥለው ሳምንት ይታያል።

በሐሙሴ ጉዳይ ኮሚቴው በዚህ ሳምንት ሰኞ ተቀምጧል። ሐሙሴ ተኝቶ የሚታከም በሽታ እንደሌለበት፣ ኦቲዝም አፈጣጠሩ እንደሆነ፣ የሚያስፈልገው የሚለምደው ቤትና ቀን የሚውልበት ቦታ መሆኑን፣ ሁለቱም መገኘታቸውን ጽፎ ይውጣ ብሎ ወስኗል። ቀኑ ሐሙስ እንዲሆን የለመንኩት እኔ ነኝ። ማክሰኞ ና ውጣ ቢሉት የዋርዱን በር ጨብጦ ይቆማል እንጂ ንቅንቅ አይልም።

ወረቀቱ ትናንት ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ጸሐፊ ዘንድ ማህተም እየጠበቀ ተቀምጦ ነበር። እኔ ወስጄ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት። ክፋት አስቤ አይደለም። በሠንጠረዡ ላይ የሚገባውን መስመር ከማንም ቀድሜ በራሴ እጅ መጻፍ ፈልጌ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በስሕተት የጻፍኩትን አንድ ጊዜ እንኳ በትክክል ልጻፈው ብዬ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው፣ መስመሩን ሳሳምር ማህተሙን ዘነጋሁት። ዳይሬክተሩ ዛሬ ማለዳ ለስብሰባ ከከተማ ወጡ፤ ስልካቸውም ዝግ ነው። መርማሪው በዚህ ላይ «ወጡ ሲሉኝ ተመልሰው ይገባሉ ማለት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገሩ እንደገባቸው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ላይ የግማሽ ቀን ፈቃድ ወስጄ ዋርዱ በር ላይ ተገኝቻለሁ። እህቱም ነበረች። የሐሙስ ነርሷ እንደ ልማዷ መዝገቡን ከፍታ «ወጣ» ብላ ጻፈች። አይቻለሁ። ማረም ይገባኝ ነበር፤ ግን ሐሙሴ የሱፍ ቆቡን ጆሮው ድረስ ስቦ ጉዞ ጀምሮ ስለነበር ተከተልኩት። ነርሷ 4፡00 ሰዓት ላይ ሥራዋን አስረክባ ለዓመት ፈቃድ ሄዳለች።

መንገዱ ሁለት ቦታ በሚከፈልበት፣ ወደ ግራ አትክልቱ ወደ ቀኝ ዋናው በር በሆነበት ቦታ፣ ሐሙሴ ወደ ግራ ታጠፈ። የጠበቅነው ነው። አትክልተኛው እዚያ ቆሞ ነበር። አትክልተኛው ሽማግሌ ናቸው፤ ሐሙሴን ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ ያውቁታል። ጎማው ጫፍ ላይ ያለውን የነሐስ አፍ ፈትተው እጁ ላይ አኖሩለት። «ይዘኸው ሂድ ልጄ፤ ውሃው እዚያ ነው ያለው» አሉት። ሐሙሴ የሰማውን የመጨረሻ ቃል የመድገም ልማድ አለው። «ያለው» አለና ወደ ቀኝ ዞረ። አትክልተኛው በደረቅ ጎማ አፈሩን ሲጠርጉ ትተናቸው ሄድን። ታክሲ ውስጥ በእሱና በመስኮቱ መካከል ማንም አልተቀመጠም።

የእህቱ ቤት አንድ ክፍልና ትንሽ ግቢ ነው። ክፍሉ ውስጥ የስፌት መኪናዋ፣ ሁለት አልጋና የተቆራረጠ ጨርቅ የሞላበት ቅርጫት አለ። ግቢው ውስጥ አሥራ አራት ጣሳ አበባ ተሰልፎ አገኘሁ። ለምን አሥራ አራት ብዬ ብጠይቃት «ዋርዱ አሥራ አራት አልጋ አለው ብለውኝ የለ? ቁጥሩ እንዳይጎድልበት ብዬ ነው» አለችኝ። አዲስ ጎማም ገዝታለች። ሐሙሴ የነሐሱን አፍ ገጠመበት፤ ልክ ሆነ። ከዚያ ማጠጣት ጀመረ። ጣሳዎቹ ጠጡ፣ ግድግዳው ጠጣ፣ የጎረቤት አንሶላም ከገመዱ ላይ እንዳለ ጠጣ። ጎረቤቷ ብቅ ብላ «ደግሞ ይሄ ምን ጉድ ነው?» አለች፤ እህቱም «ወንድሜ መጣ» አለቻት። ጎረቤቷ አንሶላዋን እያወረደች «እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ» አለች።

5፡30 ሲሆን ያልጠበቅነው ባይሆንም የፈራነው ነገር መጣ። ሐሙሴ ሰዓት የለውም፤ ሰዓቱ እሱ ውስጥ ነው ያለው። ውሃውን ዘጋ፣ ጎማውን ጠቀለለ፣ ቆቡን ጆሮው ድረስ ሳበ። ግቢው በር ላይ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ ቆመና «ገባ» አለ።

541 ጊዜ የጻፍኩት ቃል ነው፤ ከእሱ አፍ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ይዘን ብናስቀረው ይጮሃል፤ ራሱንም ይመታል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ያ ቤትም ለእሱ በግድ የተያዘበት ቤት ሆኖ ይቀራል። ይህንን ሁለታችንም አውቀናል። እህቱ አልያዘችውም። በሩን ከፈተችለትና «እሺ፣ ሄደን እንግባ» አለችው።

ሦስታችን መንገድ ወጣን። በጫማ ጠጋኙ በኩል፣ በወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ዞርን። እነሱ ጎን ለጎን፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ጫማዬም ይዞኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ሄደን ያንኑ ግቢ በር ከሌላው አቅጣጫ ደረስንበት። እህቱ የግቢውንም የቤቱንም በር ወለል አድርጋ ከፈተችና ዞር ብላ ቆመች።

ሐሙሴ ደጃፉ ላይ ቆመ። እኔ ያን ጊዜ ነው በቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ አንድ ምስማር ያየሁት። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ዋርዱ ውስጥ ሐሙሴ ቆቡን የሚሰቅልበትን ምስማር ከመሬት እስከ ጫፉ በሜትሯ ለክታ፣ በዚያው ልክ ነው የመታችው። አንድ መቶ ስድሳ ሦስት ሴንቲ ነው። ሐሙሴም ምስማሩን አየው። ገባ። ቆቡን አወለቀና ሰቀለው። ከዚያ ዞሮ እኛን እያየ «ገባ» አለ።

ሰዓቱ 5፡52 ነበር፤ በማስታወሻዬ ጽፌዋለሁ። እህቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ መርፌዋ ላይ ክር ማስገባት አቃታት፤ እኔ አስገባሁላት። በዕድሜዬ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም ብል ልጆቼ ይቀየሙኛል፤ ስለዚህ ልጆቼን ከወለድኩ ወዲህ ተብሎ ይጻፍ።

ወደ ሥራዬ የተመለስኩት 7፡15 ሰዓት ላይ ነው። ፖሊስ በሩ ላይ ነበር። የሆነው ይህ ነው። ዋርዱን ትናንት የተረከበችው አዲሷ ኃላፊ በ6፡00 ሰዓት ምሳ ሲቀርብ ሰዎቹን አንድ በአንድ ቆጠረች፤ አሥራ ሦስት ሆኑባት። መዝገቡን ብታይ «ወጣ» አለ፣ «ገባ» የለም። ነባሮቹን ብትጠይቅ በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን አርፍዶ አያውቅም አሏት። ዘበኛው ደግሞ አንዲት ሴት በታክሲ ስትወስደው አየሁ አለ። የኮሚቴውን ወረቀት ብትፈልግ የለም፤ የእኔ መሳቢያ ውስጥ ነው። ወደ ፖሊስ ደወለች። አልወቅሳትም። ይህ ቃል ከተነበበ እንድትመሰገንበት እፈልጋለሁ። እሷ የቆጠረችው ሰው ነው፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ወረቀት ነው የቆጠርኩት።

እዚህ ላይ መርማሪው ብዕራቸውን አስቀምጠው ወደ አዛዡ ሄዱ። 9፡05 ሰዓት ላይ ተመልሰው አንድ ፖሊስ ሰውየውን እንዲያይ ብቻ መላኩን፣ ማምጣቱ ለጊዜው መቆየቱን ነገሩኝ። 9፡25 ሰዓት ላይ ፖሊሱ ደወለ። መርማሪው እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ሰውየው አለ?»

«አለ ጌታዬ። አበባ እያጠጣ ነው። ጫማዬንም አጠጥቶታል።»

«ሁኔታው እንዴት ነው?»

«ጌታዬ፣ የጠፋ ሰው አይመስልም።»

9፡35 ሰዓት ላይ ዳይሬክተሩ ስልካቸውን አነሡ። ከእኔ ጋር የተነጋገሩት አጭር ነው፤ «እርሳስ፣ ወረቀት ከጸሐፊዬ ጠረጴዛ ትሰርቂያለሽ ብዬ አልጠረጥርሽም ነበር» አሉኝ፤ እኔም አዝናለሁ አልኳቸው። ጸሐፊያቸው ማህተሙንና ቀለሙን በእጅ ቦርሳዋ ይዛ 9፡50 ሰዓት ላይ እዚህ ደረሰች። ማህተሙ በመርማሪው ጠረጴዛ ላይ ሁላችንም እያየን ተመታ። መኪናው እንደቆመ ነው፤ ሹፌሩም ወርዶ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

የመጨረሻው ጥያቄ በሠንጠረዡ ላይ የጻፍኩት መስመር ምን እንደሚል ነበር። እንዲህ ይላል፦ አልጋ 9፤ የወጣ 1፤ ቆይታ 4,141 ቀን፤ የሄደበት፦ ቤቱ። «የሄደበት» የሚለው ዓምድ በቅጹ ላይ አልነበረም፤ እኔ በማስመሪያ አሥምሬ ጨምሬዋለሁ፤ ከእንግዲህም ባዶ የሆነበት ወረቀት ቢመጣልኝ አልቀበልም። በዚህ አንድ መስመር ምክንያት የሆስፒታላችን የዚህ ወር አማካይ ቆይታ ከሁሉም የከፋ ሆኖ ይታያል። በሃያ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከላክኋቸው ቁጥሮች ሁሉ እንደዚህ ያለ መጥፎ ቁጥር የለም፤ እንደዚህ ደስ ብሎኝ የላክሁትም የለም።

ቃሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነቦልኛል። ሁለት ቦታ የቁጥር ስሕተት አግኝቼ አሳርሜያለሁ። የቀረው ያየሁት፣ የቆጠርኩትና ያጠፋሁት እንደሆነ፣ ያልሆነ ነገር እንዳልጨመርኩበት አረጋግጣለሁ። በእርሳስ መፈረም አይቻልም ስለተባልኩ በቀረበልኝ ብዕር ፈርሜያለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ____________

የመርማሪው ማስታወሻ፦ የጠፋ ሰው ፍለጋው ተዘግቷል። ምስክሯ ከቀኑ 10፡05 ሰዓት ላይ ከጣቢያው ወጥታለች የሚለው በምስክሯ ጥያቄ ተሰርዞ፣ ከቀኑ 10፡05 ሰዓት ላይ ወደ ቤቷ ሄዳለች በሚል ተስተካክሏል። ስርዝ ድልዙ የእኔ ነው።